ስለ ውሾች ጠብና ስለ ገላጋዩ ጥንቃቄ

ውሻ ከሰው ልጅ ጋር መኖር የጀመረው ከብዙ ሺህ ዓመታት በፊት ነው። በ1914 በጀርመን አገር በቦን ከተማ አጠገብ ኦበርካሰል በተባለው ሥፍራ ድንጋይ ፈላጮች አንድ ጥንታዊ መቃብር አገኙ፤ በመቃብሩም ውስጥ የአንድ ወንድና የአንዲት ሴት አፅም ከውሻ አፅም ጋር አብሮ ተቀብሮ ነበር። ሊቃውንት መርምረው ዕድሜው 14,000 ዓመት ያህል መሆኑን ገልጸዋል። (በዚህ ጽሑፍ የተጠቀሱት ዓመታት ሁሉ እንደ አውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።) ይህን ያህል ዘመን አብረን ስንኖር ግን ስለ ውሻ ጠባይ የምናውቀው ጥቂት ነው። አባቶቻችን «ውሻ በበላበት ይጮኻል» ሲሉ ታማኝነቱን መስክረውለታል፤ ዳሩ ግን ሁለት ውሾች በተናከሱ ጊዜ ምን ማድረግ እንደሚገባ ብንጠየቅ ብዙዎቻችን ድንጋይ ከመወርወር የተሻለ መልስ የለንም።

እኔ ካለፈው መስከረም ወር ጀምሮ በየቅዳሜው ጧት በአዲስ አበባ ዳር በሚገኝ አንድ የውሾች መጠለያ በበጎ ፈቃድ አገለግላለሁ። ሥራዬም ውሾቹን ተራ በተራ በገመድ ይዞ ማናፈስ ነው። ለመጀመር ባሰብሁ ጊዜ አባቴ ሁለት ነገር አዘዘኝ፤ አንደኛ የእብድ ውሻ በሽታ መከላከያ ክትባት ሳልወስድ የመጠለያውን ደጃፍ እንዳልረግጥ፤ ሁለተኛ ውሾች ሲጣሉ የማደርገውን አስቀድሜ እንድማር። የመጀመሪያውን ትእዛዝ በጤና ጣቢያ ፈጸምሁ። ሁለተኛውን ለመፈጸም ግን ከመጠለያው ሠራተኞች መጠየቅ፣ መጻሕፍትን ማገላበጥና በዓይኔ ማየት አስፈለገኝ። ከዚህ ቀጥሎ የማቀርበው የዚሁ ትምህርት ፍሬ ነው። ውሻ በየጊቢያችንና በየመንገዳችን የሚገኝ ፍጡር ስለሆነ ነገሩ መጠለያ ገብተው ለማያውቁትም ይጠቅማል ብዬ አምናለሁ።

ውሾች ስለምን ይጣላሉ?

ብዙ ሰው ውሻ የሚጣላው ክፉ ስለሆነ ይመስለዋል። ነገር ግን ለጠቡ አብዛኛውን ጊዜ የታወቀ ምክንያት አለው። ከነዚህም ምክንያቶች ዋናው ፍርሃት ነው። ከዚህ ሌላ ምግቡን ወይም መኝታውን ላለማስነጠቅ፣ በሕመም ምክንያት፣ ወይም ወንዶቹ በአንዲት ሴት ውሻ ምክንያት ይጣላሉ። ወደ መጠለያ የሚመጡትም ውሾች የኑሮ ታሪካቸው ልዩ ልዩ ነው፤ አንዳንዱ በጎዳና ተወልዶ ድንጋይ ሲወረወርበት ያደገ ነው፤ አንዳንዱም በአንድ ጊቢ ውስጥ በሰንሰለት ታስሮ ዓመታት ያሳለፈና ሌላ ውሻ በቅርብ አይቶ የማያውቅ ነው። እነዚህን ሁሉ በአንድ ሥፍራ ስናኖራቸው ሌሊቱን ሙሉ የጎረቤቱን ጩኸት ይሰማሉ፤ ቀን እንግዳ ሰው ይመጣባቸዋል፤ ሐኪም መርፌ ይወጋቸዋል። ይህ ሁሉ ጥቂት በጥቂት ይጠራቀማል። ትናንት ዝም ብሎ ያለፈውን ነገር ዛሬ የማይታገሠው በዚህ የተነሣ ነው።

ገመዱም ራሱ አንድ ምክንያት ነው። ሁለት ውሾች ነጻ ሆነው ሲገናኙ ፊት ለፊት አይሄዱም፤ ዞር ብለው በጎን ይቀራረባሉ፤ ይሸታተታሉ፤ ካልተዋደዱም አንዱ ይርቃል። በገመድ የተያዘ ውሻ ግን መዞርም ሆነ መሸሽ አይችልም። ያዡ ፈርቶ ገመዱን ሲወጥረው ደግሞ ውሻው አንገቱ ይታነቃል፤ ደረቱ ወደፊት ይገፋል፤ በሌላው ውሻ ዓይን ለጠብ የተዘጋጀ ይመስላል። ከገመድ ውጭ ሰላማዊ የነበረው ውሻ በገመድ ሲያዝ አንበሳ የሚሆነው ስለዚህ ነው።

በዚህ ላይ አንድ የቆየ ስሕተት መታረም ይገባዋል። በ1947 ሩዶልፍ ሼንክል የተባለ የስዊስ ሊቅ በአጥር ውስጥ የተያዙ ተኩላዎችን ተመልክቶ ስለ አለቅነት ሽሚያቸው ጽፎ ነበር። ከዚያ ወዲህ «ውሻም ባለቤቱን ሊገዛ ይሻል፤ ስለዚህ በኃይል አለቅነትህን አሳየው» የሚል ምክር በዓለም ተሰራጨ። ነገር ግን ዴቪድ ሜች የተባለው አሜሪካዊ የተኩላ አጥኚ በ1999 ባወጣው ጽሑፍ በዱር የሚኖር የተኩላ መንጋ አብዛኛውን ጊዜ እናትና አባት ከልጆቻቸው ጋር የሚኖሩበት ቤተሰብ መሆኑን አስረድቷል። እንግዲህ ፈርቶ የሚያጉረመርመውን ውሻ መምታት ፍርሃቱን ያብሰዋል እንጂ አክብሮትን አያስተምረውም።

ከጠብ በፊት የሚታዩ ምልክቶች

ውሻ ሳይናገር አይነክስም፤ የሚናገረው ግን በአካሉ ነው። በመጀመሪያ ከንፈሩን ይልሳል፤ እንቅልፍ ሳይመጣበት ያዛጋል፤ ፊቱን ያዞራል። እነዚህ «አልተመቸኝም» የሚልባቸው ምልክቶች ናቸው። ያልሰማው ሰው ወይም ውሻ ሲቀጥልበት አካሉ ይደርቃል፤ ተከፍቶ የነበረው አፉ ይዘጋል፤ ዓይኑን ሳያርገበግብ ያፈጣል፤ በጀርባው ላይ ያለው ጠጉር ይቆማል። ከዚያም ያጉረመርማል፤ ጥርሱን ያሳያል። ከዚህ በኋላ የሚመጣው ንክሻ ነው።

ጅራቱን የሚቆላ ውሻ ሁሉ ደስ ብሎታል ማለትም አይደለም። በ2007 የኢጣልያ ተመራማሪዎች 30 ውሾችን መርምረው ነበር፤ ውሾቹ ጌታቸውን ሲያዩ ጅራታቸውን አብልጠው ወደ ቀኝ፣ የማያውቁትን ኃይለኛ ውሻ ሲያዩ ግን አብልጠው ወደ ግራ እንደሚቆሉ ተገነዘቡ። ይህን በዓይን ለመለየት ያስቸግራል፤ ሆኖም ከፍ ብሎ ቆሞ በአጭሩ የሚንቀጠቀጥ ደረቅ ጅራትንና ከወገብ ጋር አብሮ የሚወዛወዝ ልል ጅራትን ማንም ሰው ሊለይ ይችላል።

ስለሚያጉረመርም ውሻ አንድ ነገር ልጨምር። ብዙዎች ሲያጉረመርም ይመቱታል፤ ውሻውም ከጊዜ በኋላ ማጉረምረሙን ይተዋል፤ ንዴቱን ግን አይተውም። ከዚያ በኋላ ሳያስጠነቅቅ የሚነክስ ውሻ ይሆናል። ስለዚህ ማጉረምረሙ እንደ ስድብ ሳይሆን እንደ ማስጠንቀቂያ ደወል ሊቆጠር ይገባዋል።

ሳይቃጠል በቅጠል

ከሁሉ የሚሻለው ጠቡ እንዳይነሣ ማድረግ ነው። እኛ በመጠለያው የምንጠብቃቸው ደንቦች የሚከተሉት ናቸው።

አንደኛ፤ ከመውጣት በፊት የአንገት ማሰሪያው ይፈተሻል። ሁለት ጣት የሚያስገባ ያህል ብቻ ልል መሆን አለበት፤ ከዚያ በላይ ከላላ ውሻው ወደኋላ ሲያፈገፍግ ራሱን ያወጣል። ገመዱም ሁለት ሜትር ያህል ቢሆን ይበቃል፤ በእጅ ወይም በጣት ላይ ግን አይጠመጠምም፤ ውሻው በድንገት ሲስብ ጣት ሊሰብር ይችላልና።

ሁለተኛ፤ አንድ ሰው አንድ ውሻ ብቻ ይይዛል። በበር ሲወጣም ሆነ ሲገባ «ውሻ እየወጣ ነው!» ብሎ ይጣራል፤ ከወዲያ በኩል መልስ ሳይሰማ በሩን አይከፍትም። በጠባብ በር ላይ ፊት ለፊት የሚገናኙ ሁለት ውሾች መሸሻ የላቸውምና።

ሦስተኛ፤ ሌላ ውሻ ከሩቅ ሲታይ ያዡ ገመዱን ሳይወጥር ዞር ብሎ ይመለሳል፤ ወይም መንገዱን ይሻገራል፤ ወይም ከቆመ መኪና በስተጀርባ ይከለላል። ርቀት ከሁሉ የሚሻል መድኃኒት ነው።

አራተኛ፤ ውሾች በተሰበሰቡበት አጥንት፣ ምግብ ወይም ኳስ አይወረወርም።

ስለ ጎዳና ውሾች ደግሞ ልዩ ጥንቃቄ ያስፈልጋል፤ በከተማችን በገመድ የተያዘውን ውሻ ለመመርመር የሚመጡ ልቅ ውሾች ብዙ ናቸውና። ለምሳሌ ያህል በጥቅምት ወር አንድ ቅዳሜ የሆነውን ልንገራችሁ። መከታ የተባለውን ሽማግሌ የጊቢ ውሻ ይዤ በአንድ ወፍጮ ቤት በኩል ሳልፍ ሦስት ልቅ ውሾች እየጮኹ መጡ። ለመሮጥ አላሰብሁም፤ ሯጭ ውሻን ማሳደድ ለውሻ የተፈጥሮ ልማዱ ነውና። መከታን ከጀርባዬ አድርጌ በቆመ አይሱዙ በስተኋላ ዞርሁ፤ በኪሴ የያዝሁትንም የዳቦ ቁራሽ በሙሉ ወደ ሦስቱ ውሾች በተንሁት። እነሱ መሬቱን ሲለቃቅሙ እኛ በዝግታ ራቅን። ለድንጋይ እንደሚጎነበስ ሰው ጎንበስ ማለትም የጎዳናውን ውሻ ያባርራል፤ ነገር ግን በገመድ የያዛችሁትንም ውሻ ያስደነግጣል፤ ድንጋይ ምን እንደሆነ እርሱም ያውቃልና። ስለዚህ እኔ ዳቦውን እመርጣለሁ።

ጠቡ ከተነሣ ምን ይደረግ?

ምንም ቢጠነቀቁ አንዳንድ ጊዜ ጠብ መነሣቱ አይቀርም። ይህንንም በታኅሣሥ ወር ተመልክቻለሁ። የአንድ ክፍል መቀርቀሪያ ተበላሽቶ ስለነበር አንድ ውሻ ወጥቶ በበሩ ላይ ከሚያልፈው ሌላ ውሻ ጋር ተያያዘ። የሚያልፈውን ውሻ የያዘው ወጣት ውሻውን እጅግ የሚወደው ስለነበረ የአንገት ማሰሪያውን ለመያዝ እጁን ሰደደ፤ ወዲያውም የገዛ ውሻው ጣቱን ነከሰው። ውሻው ከሃዲ አይደለም፤ በጠብ ውስጥ ያለ ውሻ አንገቱን የነካውን ሁሉ ጠላት አድርጎ ስለሚቆጥር የማንን እጅ እንደነከሰ እንኳ አያውቅም። «ችኩል ጅብ ቀንድ ይነክሳል» እንደተባለው፣ በችኮላ የገባ ገላጋይ ከተጣሉት ይልቅ እሱ ይጎዳል። በዚያን ጊዜ የመጠለያው ኃላፊ የሆኑት እናት አንድ ባልዲ ውሃ በሁለቱ ውሾች ፊት ላይ ደፉባቸው፤ ዘበኛውም የቆርቆሮ ቁራጭ በመካከላቸው አስገባ። ጠቡ ከአንድ ደቂቃ በፊት ቆመ። እኒህ እናት ለአዲስ መጪ ሁሉ የሚሰጡት ምክር «ልጆቼ፣ እጃችሁን ለውሻ አፍ አታበድሩ» የሚል ነው።

እንግዲህ የመገላገያው ቅደም ተከተል እንዲህ ነው።

በመጀመሪያ ልብን ማረጋጋት ነው። ብዙው የውሻ ጠብ ጩኸቱ ከጉዳቱ ይበልጣል፤ በጥቂት ሰከንድም ያበቃል። የሰው ጩኸትና ዱላ ሲጨመርበት ግን ይብሳል። ቀጥሎ ኃይለኛ ድምፅ ማሰማት ነው፤ ባልዲ ወይም ቆርቆሮ መምታት አንዳንድ ጊዜ ብቻውን ይበቃል። ይህ ካልሆነ ውሃ መድፋት፤ እሱም ካልሆነ ብርድ ልብስ በላያቸው መጣል፤ ወይም ጣውላ፣ ወንበር ወይም ሰፊ መጥረጊያ በመካከላቸው ማስገባት ነው።

ይህ ሁሉ ካልረዳ የመጨረሻው ዘዴ ለሠለጠኑ አዋቂዎች ብቻ የተተወ ነው። ሁለት ሰዎች በአንድ ጊዜ የሁለቱን ውሾች የኋላ እግሮች ከጭን አካባቢ ይዘው እንደ እጅ ጋሪ ከፍ አድርገው ወደኋላ ይስቧቸዋል፤ ውሻው ዞሮ እንዳይነክሳቸውም ወደ ጎን እየከበቡ ይራመዳሉ። አንድ ሰው ብቻውን አንዱን ውሻ ቢስብ ግን የተሳበው ውሻ መከላከል ሳይችል ሌላው ይነክሰዋል። አንዱ ውሻ ነክሶ አልለቅ ካለም መጎተት ክልክል ነው፤ ጥርሱ ሥጋውን ይዞ ይቀድደዋልና። ሁለቱም ሳይንቀሳቀሱ እንዲቆዩ አድርጎ ልምድ ያለውን ሠራተኛ መጥራት ይገባል። እኛ ተማሪዎች ድርሻችን ድምፅ ማሰማት፣ ውሃና ጣውላ ማቀበል፣ ሌሎቹንም ውሾች ከአካባቢው ማራቅ ነው። ይህም ትንሽ ሥራ አይደለም።

ከጠቡ በኋላ

ሁለቱ ውሾች እንደተለያዩ እርስ በርስ በማይተያዩበት ሥፍራ ይቀመጣሉ። «ይታረቁ» ብሎ ወዲያው ማገናኘት ሁለተኛ ጠብ መጥራት ነው። ቀጥሎ መላ አካላቸው ጠጉሩ እየተገለጠ ይመረመራል። አንድ ጎልማሳ ውሻ 42 ጥርሶች አሉት፤ ከነዚህም አራቱ ክራንቻዎች ናቸው። ክራንቻው በቆዳ ላይ የሚተወው ቀዳዳ የምስር ፍሬ ቢያህልም፣ ውሻው ሲነቀንቅ ከቆዳው በታች ያለው ሥጋ በሰፊው ሊቀደድ ይችላል። ቀዳዳው በቶሎ ሲዘጋም ቆሻሻው ውስጥ ቀርቶ ይመግላል። በዚህ ምክንያት ትንሽ ቀዳዳ ብቻ የታየበት ውሻ በዚያው ቀን ለእንስሳት ሐኪም መታየት አለበት። ለሰው የሚሰጠውን ማስታገሻ፣ በተለይም ኢቡፕሮፌንን፣ ለውሻ መስጠት ሊገድለው ስለሚችል ክልክል ነው።

ከዚያ በኋላ የሆነው ሁሉ በመዝገብ ይጻፋል፤ የት፣ በስንት ሰዓት፣ ከጠቡ በፊት ምን ነበረ፣ ቁስሉስ ምን ያህል ነው ተብሎ። ኢያን ደንባር የተባሉ የእንስሳት ሐኪም ንክሻን በስድስት ደረጃ ከፍለውታል፤ የመጀመሪያው ጥርስ ቆዳ ሳይነካ የሚቀርበት ሲሆን የመጨረሻው ሞትን የሚያስከትለው ነው። እንዲህ ያለው መዝገብ ለውሻው ዳኛ ነው። በወሬ ብቻ «ተናካሽ ነው» የተባለ ውሻ የሚያሳድገው ቤት አያገኝም፤ ሲከፋም ሕይወቱን ያጣል። መዝገቡ ግን በተሰበረ መቀርቀሪያ ምክንያት አንድ ጊዜ የተጣላውን ውሻ፣ ደጋግሞ ከባድ ጉዳት ከሚያደርሰው ይለየዋል። እውነቱን መጻፍ ለቀጣዩ ውሻ አናፋሽም ደኅንነት ነው፤ ጠቡን መደበቅ ግን ያልጠረጠረን ሰው ለአደጋ መስጠት ነው።

ሰው ሲነከስ

አሁን ከሁሉ ወደሚበልጠው ነገር ደርሰናል። ሰው በተነከሰ ወይም በተቧጨረ ጊዜ፣ ቁስሉ ምንም ትንሽ ቢሆን፣ ወዲያው በሚፈስ ውሃና በሳሙና ለ15 ደቂቃ መታጠብ አለበት። አሥራ አምስት ደቂቃ ረጅም ጊዜ ነውና በሰዓት መለካት ይገባል። ጣቱ የተነከሰው ወጣት በቧንቧ ሥር ቆሞ ሲታጠብ እኔ ሰዓት ያዥ ነበርሁ፤ በአምስተኛው ደቂቃ «በቃኝ» ቢልም ኃላፊዋ አልለቀቁትም። በቁስል ላይ ቡና መነስነስ፣ በርበሬ ወይም የቅጠል ጭማቂ ማድረግ አይገባም። ከታጠቡ በኋላ ሳይውሉ ሳያድሩ ወደ ጤና ጣቢያ ወይም ሆስፒታል መሄድ ያስፈልጋል። ወጣቱም በዚያው ቀን ክትባቱን ጀመረ፤ የተቀሩትንም ቀጠሮዎች ሳያጓድል ፈጸመ።

ይህ ሁሉ ጥድፊያ ስለ እብድ ውሻ በሽታ ነው። የበሽታው ቫይረስ በለሃጭ አማካይነት በቁስል ይገባና በነርቭ በኩል ወደ አንጎል ይጓዛል። የበሽታው ምልክት በሰው ላይ አንድ ጊዜ ከታየ በኋላ የሚድን የለም ማለት ይቻላል። ምልክቱ ሳይታይ የተሰጠ ክትባት ግን ያድናል። የዓለም ጤና ድርጅት እንደሚገምተው በየዓመቱ 59,000 ያህል ሰዎች በዚህ በሽታ ይሞታሉ፤ አብዛኞቹም በእስያና በአፍሪካ ናቸው። በሰው ላይ ከሚደርሰው ከ100 እጅ እስከ 99 የሚሆነው ከውሻ የመጣ ነው፤ ከተጠቂዎቹም 40 በመቶ ያህሉ ከ15 ዓመት በታች የሆኑ ልጆች ናቸው።

መድኃኒቱ አዲስ ግኝት አይደለም። ሉዊ ፓስተር በሐምሌ 1885 በፓሪስ ከተማ ባበደ ውሻ የተነከሰውን ዮሴፍ ማይስተር የተባለ የዘጠኝ ዓመት ልጅ በክትባት አዳነው። ከዚያ ወዲህ ከመቶ ዓመት በላይ ሲያልፍ፣ ሰው እስካሁን የሚሞተው አብዛኛውን ጊዜ ቁስሉን ስለናቀ ወይም ክትባቱ ዘንድ ስላልደረሰ ነው። አስቀድሞ የተከተበ ሰውም ቢሆን ሲነከስ ቁስሉን ከመታጠብና ተጨማሪ ክትባት ከመውሰድ ነጻ አይደለም። የነከሰው ውሻ በሕይወት ካለ አይገደልም፤ ታስሮ ለ10 ቀን ይጠበቃል፤ በነዚህ ቀናት ጤነኛ ሆኖ ከቆየ ሐኪሙ በዚሁ ተመርቶ ሕክምናውን ይወስናል። ሰውየው ግን ክትባቱን ለመጀመር አሥሩን ቀን አይጠብቅም።

ለወላጆችና ለጓደኞቼ

ወላጆች ሆይ፤ ልጆቻችሁ ከውሻ ጋር ሲጫወቱ ቢነከሱ ቁጣ ፈርተው እንዳይደብቁ አስቀድማችሁ ንገሯቸው። ከአንድ ቁጣ የተነሣ የተደበቀ ጭረት ሕይወት ሊያሳጣ ይችላል። የጊቢ ውሻችሁንም በየጊዜው አስከትቡ። በአንድ አካባቢ ካሉት ውሾች 70 ከመቶው ቢከተቡ የበሽታው መተላለፊያ እንደሚቋረጥ ጠቢባን ያስረዳሉ፤ እንግዲህ የእያንዳንዳችሁ ውሻ ለጎረቤት ልጅ አጥር ነው ማለት ነው።

ጓደኞቼ ሆይ፤ እናንተም በመንገድ ላይ የተኛውን ውሻ በድንጋይ አትምቱት። ዛሬ የተወረወረበትን ድንጋይ ነገ በሌላ ሰው እጅ ላይ ያስታውሰዋል። ሁለት ውሾች ሲጣሉም ክበብ ሠርታችሁ አታጋፍሟቸው፤ ታናናሾቻችሁን ይዛችሁ ራቁ፤ አዋቂም ጥሩ። ከእናንተ መካከል ውሾችን ለማናፈስ የሚፈቅድ ቢኖር በየመጠለያው ሥራ ሞልቷል፤ መጀመሪያ ግን ይከተብ፤ የወላጆቹንም ፈቃድ ይያዝ።

ገላጋይነት በሰውም ዘንድ ቢሆን የተከበረ ሥራ ነው። ጥሩ ገላጋይ የሚባለውም በጠቡ መካከል ዘሎ የገባው ሰው አይደለም፤ ጠቡን ከሩቅ አይቶ መንገድ ያስለወጠ፣ ከተነሣም በዘዴ የለየ፣ ካበቃም በኋላ የቆሰለውን ያሳከመና እውነቱን የተናገረ ነው። ይህን በቅዳሜ ጧት ከውሾች መካከል ቆሜ ተምሬዋለሁ፤ እናንተም በያላችሁበት ትጠቀሙበት ዘንድ ምኞቴ ነው።